የእናኑ ገላው ናሙና

ሐሙስ ጠዋት ሦስት መቶ ሰማንያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን እናኑ ገላውን ሆነው መጡ። ማን ይናገር የነበረ ነውና፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ አይቻለሁ። ወንዶቹም ጭምር ቀጭን አንገቷን፣ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳና ክርኑ የተጣፈ ሹራቧን ይዘው በር ላይ ተሰለፉ። ዘበኛው መታወቂያቸውን እያየ አስገባቸው።

ነገሩ የመጣው ከሽንት ምርመራው ነው። ጫትም ሆነ ሌላ ዕፅ የተገኘበት ተማሪ ፈተና እንደማይቀመጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከክፍሉ ጫት ቀምሳ የማታውቀው እናኑ ብቻ መሆኗን ሁሉም ስለሚያውቅ ብልቃጡን ይዞ ወደ እሷ ሄደ። እናኑን ይሉኝታ ያጠቃታል። ቧንቧው ሥር ቆማ ሦስት ቀን ውሃ እየጠጣች ለሁሉም ሞላችላቸው። የራሷ ተራ ሲደርስ ጠብ የሚል ነገር አልቀረም።

ላቦራቶሪው ሐቀኛ ነው። ሦስት መቶ ሰማንያው ናሙና ንጹሕ መሆኑን፣ ሁሉም የእናኑ ገላው መሆኑን ጽፎ በማህተም ላከ። ማህተም ያለው ወረቀት ሲደርሰኝ መዝገብ አስተካክላለሁ። ረቡዕ ከሰዓት የሁሉንም ስም እናኑ ገላው ብዬ ቀየርኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሐሙስ ዕለቱን እውነተኛዋ እናኑ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ደመላሽ ቢሮ ተጠራች።

«ናሙና ያልሰጠ እንደ ተጠቃሚ ይቆጠራል» አሏት።

«ቲቸር፣ የሁሉም እኮ የኔ ነው።»

«እሱማ ተጽፏል። ያንቺ የት አለ?»

እናኑ ባዶ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

አርብ ጠዋት እናቷ ወይዘሮ አትክልት ባንዲራ ሲሰቀል ደረሱ። ሰልፈኞቹ ሁሉ «እማዬ» አሏቸው። የብዙዎቹ ጉንጭ በጫት ተወጥሯል። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና ከሰልፉ ፊት ቆሙ።

«እስቲ እምቢ በሉኝ» አሉ።

«እምቢ» አለ ሰልፉ በአንድ አፍ።

አጠገባቸው የቆመችው ብቻ አፏን ከፈተች እንጂ ቃሉ አልወጣላትም። እናትየው እጇን ጨብጠው «ልጄ ይቺ ናት» አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

አቶ ደመላሽም አመኑ። ለፈተና ትቀመጥ ዘንድ ሰኞ ናሙና እንድትሰጥ ፈቀዱ። ክፍሉ በሙሉ ንጹሕ መሆኑ ግን ስላጠራጠራቸው፣ ሁሉም እንደገና እንዲመረመር አዘዙና ብልቃጥ አደሉ።

ሰልፉ ወደ እናኑ ዞረ።

«እባክሽ እናኑ» አሏት፣ በገዛ ድምጿ።

«እምቢ በያቸው የኔ ልጅ፣ አንዴ ብቻ» አሉ እናቷ።

እናኑ እጇን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ቧንቧው ሄዳ ጎንበስ አለች። ከኋላዋ ሦስት መቶ ሰማንያ እናኑዎች ባዶ ብልቃጥ ይዘው፣ እያኘኩ፣ ተራቸውን ጠበቁ።