ጄኔራልና የአማት ድመት

የማተሚያ ቤቱ አራሚ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሲለቅም የሚውል ሰው ነው። ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል። ከሥራ አስኪያጁ ፊት ግን «እምቢ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ባልደረቦቹ እንደሚሉት ሊወጣ ሲል የፊደል ግድፈት እየመሰለው ጉሮሮው ላይ ይሰርዘዋል።

የሥራ አስኪያጁ ውሻ የወለደች ሰሞን ቢሮው በሙሉ ቡችላ እንዳይታደል ምክንያት ሲያዘጋጅ ሰነበተ። ገንዘብ ያዥዋ የውሻ ፀጉር ያስነጥሰኛል አለች። ሾፌሩ አከራዬ አይፈቅድም አለ። የማሽን ሠራተኛው ከወረቀት ክምር ኋላ ገብቶ እስኪመሽ አልወጣም። አራሚው ብቻ ምክንያቱን በቃላት ሲያሳምር ተደረሰበት።

«አንተ ውሻ ትወዳለህ አይደል?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«በጣም እንጂ ጌታዬ» አለ፣ ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ሰው።

«ጄኔራል ይባላል። ደፋር ዘር ነው። ስሙን እንዳትቀይርበት።»

ጄኔራል በወረቀት ካርቶን ተጭኖ ሲሄድ ታክሲ ውስጥ አራሚው ጭን ላይ ሸናበት። ቤት ሲደርሱ ነርሷ ሚስቱ ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ካርቶኑን አየች፣ ሱሪውን አየች።

«አስቤበት ነው» አለ ቀድሟት። «ቤቱ ጠባቂ ያስፈልገዋል።»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ? ሌባው ክንፍ አውጥቶ እንዳይመጣ ፈርተህ ነው?» እግሯን እያደራረቀች ቀጠለች። «አለቃህ ነው የሰጠህ።»

«ስጦታ ነዋ።»

«እሱማ ገብቶኛል። አንተ መቼ ነው አፍ የምታወጣው የሚለው ነው ያልገባኝ።»

ትልቁ ጣጣ ግን ጥላ ነበረች። ጥላ አብረዋቸው የሚኖሩት የአማቱ ድመት ናት፤ ማንኪያ ሲወድቅ የምትበረግግ፣ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ የምትሸሽ። ዕድሜዋን የገፋችው አማቱ አልጋ ሥር ነው። ጎረቤቶቹ አይተዋት ስለማያውቁ ሴትዮዋ ድመት አለኝ የሚሉት እርጅና ተጫጭኗቸው ይመስላቸው ነበር።

አራሚው ነገሩን በሥርዓት ለማስኬድ ቆረጠ። ቡችላና ድመት ስለማስተዋወቅ የተጻፈ ነገር ስልኩ ላይ አገኘ። ሁለት ቦታ የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ ይቅር ብሎ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹ትውውቁ በሽታ ይጀምራል› ይላል።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «በሽታ ያለበት ውሻ ነው እንዴ ያመጣህብን?»

«አይ እማማ፣ በሽታ አይደለም። በሽታ ነው።»

«ምን?»

«ሽታ ማለቴ ነው። ጠረን። በጠረን።»

ሚስቱ ፎጣውን አፏ ላይ ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። አራሚው «በጠረን» ብሎ ያልጻፈውን ሰው በልቡ እየረገመ ጄኔራልን በጨርቅ አሻሸና ጨርቁን አልጋው ሥር ወረወረ። ጥላ አንዴ አሸተተችውና ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባች። እስከ ማግስቱ አልወጣችም። አማቱ ወለል ላይ ተንበርክከው ምግቧን በማንኪያ ሲያቀብሏት አደሩ፤ አማቻቸውንም በቀጥታ ማነጋገር ተዉ። «ያንን ሰውዬ በሩን ይዝጋ በይው» ይሏታል ልጃቸውን፣ እሱ አጠገባቸው ቆሞ።

ቀጥሎ በሩን በትንሹ መክፈት ነበር። ጄኔራል ግን ጽሑፉን አላነበበም። ክፍተቷን እንዳገኘ እየጮኸ ገባና ከቁም ሣጥኑ ኋላ አፍንጫውን ሰደደ። መሸሻ ያጣችው ጥላ ጀርባዋን ቆለመመች፣ ጭራዋ የጠርሙስ መጥረጊያ አከለ፤ ከዚያ አንድ ጥፊ አቀመሰችው። ጄኔራል እያለቀሰ ሮጦ አራሚው እግር መሃል ተሸጎጠ። አራሚውም እሪታው አስደንግጦት ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ሌላ ሆነ። ጥላ መሬት መርገጥ ጀመረች። መጀመሪያ ኮሪደሩን፣ ከዚያ ሳሎኑን ያዘች፤ ለቡችላው የተገዛው ፍራሽ ላይም ወጥታ ተጋደመች። ጄኔራል እሷ ስታዛጋ እንኳ ሶፋ ሥር ይገባል። አማቱም «ይሄ ምስኪን፣ ማን አለው» እያሉ እግራቸው ሥር ያስተኙት ጀመር። ጥላም እዚያ ሲተኛ አትነካውም።

አንድ እሑድ ሥራ አስኪያጁ ሳይጠራ መጣ፤ ሻይ ቀረበለት።

«የታለ ጀግናው?»

ጀግናው የአማቱ ነጠላ ጫማ ላይ አገጩን ጥሏል። ጥላ ከፍራሿ ቀና ስትል ጭራውን ቆልፎ ወደ ቀሚሳቸው ተጠጋ።

የሥራ አስኪያጁ ፊት ተለዋወጠ። «ውሻዬን አበላሽታችሁታል። ድመት የሚፈራ ውሻ የእኔ ውሻ ተብሎ አይጠራም። ነገ ሾፌር ልኬ አስወስደዋለሁ።»

«እንዳሉ ጌታዬ» አለ አራሚው። አፉ ከእሱ ፈጥኖ ነው።

ሚስቱ ስታየው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ።

«ወዴት ነው የሚወሰደው?» አሉ አማቱ ከሹራብ መርፌያቸው ቀና ሳይሉ።

«ወደ ቤቱ እናቴ።»

«ቤቱ ነው ያለው። ሰጠህ፣ ተቀበልን። አሁን ደግሞ ፈሪ ነው ብለህ መልሰህ ትወስዳለህ። ፈሪ የማይወድ ሰው ይሄን አማቼን ለምን ቀጠርከው?»

ሥራ አስኪያጁ ሊስቅ ሞከረ፣ የሳቀለት ግን የለም። ቡችላውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ አማቱ እግራቸውን አላነሱለትም። እንደጎነበሰ ጥቂት ቆየና የጫማውን ክር ያሰረ መስሎ ቀና አለ።

«ሻይ ልጨምርልህ ልጄ?» አሉት።

«ይበቃኛል እናቴ።»

ሰኞ ጠዋት አራሚው የስንብት ደብዳቤ እየታየው ሥራ ገባ። ደረጃው ላይ ሥራ አስኪያጁን ሲያገኘው መንገዱን ለቆ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«አማትህ ደህና ናቸው?» አለው ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ደህና ናቸው ጌታዬ።»

«ሰላም በልልኝ።»

ሾፌሩ አልተላከም፤ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የአራሚውን ጤና ግን እስከ ዛሬ ጠይቆት አያውቅም።