ዝም ያሰኘሁት ማስጠንቀቂያ

ጋሼ በራሳቸው መኪና፣ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጠው ወደ ጋራዤ መጡ። መሪውን የያዘችው ልጃቸው ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እሳቸውን በዚያ ወንበር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሽቦ መላጥ፣ ፊውዝ መለየት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ መኪናው የሚለውን ማዳመጥ። “ሰው ይዋሻል፤ ዳሽቦርድ አይዋሽም” ይሉ ነበር። ቶሎ ስለምቃጠል ያወጡልኝን ስም ዛሬም አልተውትም።

“ፊውዝ፣ ገዢ ፈልግልኝ” አሉኝ ሳይወርዱ።

“ለምኑ ጋሼ?”

“ለመኪናዋ ነዋ። ለእኔማ ማን ይመጣል።”

ልጃቸው አልሳቀችም። “ሦስት ወሩ ነው” አለችኝ። “ሲመሽ የመንገዱ የግራ ጠርዝ አይታየኝም ይላል። ባለፈው ሳምንት ብስክሌተኛ ሊገጭ ለጥቂት ነው የተረፈው። የግራ ዓይኑ ደግሞ ሞራ የተገፈፈለት ነው። በቃህ አልነው።”

“ከበቃኝ በቃኝ ነው” አሉ ጋሼ። “መብራቱን ወርጄ አይቼዋለሁ፤ ይበራል። መኪናዋም ምንም አላለች። እንግዲህ የቀረው ዓይኔ ነው።”

ወደ ፊት መብራቱ ዞርኩ።

ከአራት ወር በፊት ነጩን የኤል ኢ ዲ አምፖል የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። ከፋብሪካ የመጣው አምፖል ብዙ ኃይል ይስባል፤ ኤል ኢ ዲ ጥቂት ይበቃዋል። መኪናው ግን ጥቂት ሲሳብ ባየ ጊዜ፣ አምፖሉ የተቃጠለ መስሎት ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በሁለቱም በኩል ተጨማሪ ኃይል የሚስብ ሬዚስተር ማሰር፣ ስለሚግልም ከፕላስቲክ አርቆ ከብረት ጋር ማጥበቅ። ያን ቀን አሰርኩ፤ ጽሑፉ ተመለሰ። ሽቦውን ቀያየርኩ፤ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ዝምታቸው ከስድብ በላይ አንገበገበኝ።

“እስቲ ሻይ ጠጥተው ይምጡ” አልኳቸው። እንደ ወጡ የምርመራውን ኮምፒውተር ሰክቼ፣ መኪናው የፊት መብራቱን የሚከታተልበትን ክፍል ዘጋሁት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሲመለሱ ዳሽቦርዱ ጥርት ብሎ ጠበቃቸው። በሠራተኞቼ ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ “በልጦኛል” አሉ። እኔም እጅ ነሣሁ።

አሁን ልጃቸው መኪናውን ወደ ውስጥ አስገባችው፤ እንዲጨልም የብረት መዝጊያውን አወረድኩ። መብራቱን ግድግዳው ላይ ጣልኩት። በቀኝ በኩል ኖራ የመሰለ ብርሃን፤ በግራ በኩል የደከመ አመድማ። ኮፈኑን ከፍቼ የግራውን አምፖል ጀርባ ዳሰስኩ። ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ቆሟል። እንዲህ ያለው አምፖል ሲግል ራሱን ለማትረፍ ብርሃኑን ይቀንሳል። ጠፋ እንዳይባል ይበራል፤ በራ እንዳይባል መንገድ አያሳይም። ሬዚስተሩን በትክክል አስሬ ክትትሉን ባልዘጋው ኖሮ፣ አምፖሉ በደከመበት ቀን መኪናው በተናገረ።

አምፖሉን ቀይሬ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

“ዓይንዎ ደህና ነው፤ አምፖሉ ነው” አልኩ፣ ፊቴን ከሞተሩ ሳላነሣ።

“አባዬ፣ ሰማህ?” አለች ልጃቸው።

ጋሼ ወርደው ግድግዳው ፊት ቆሙ። የግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ገለጡ። ቀኙን ሸፈኑ፤ ገለጡ።

“በሁለቱም ዓይኔ ግራው ደብዛዛ ነው” አሉ። “ታዲያ መኪናዋ ለምን አልተናገረችም?”

“አንዳንዴ እኮ…” ብዬ ጀመርኩ። አልገፋልኝም። “ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ክትትሉን ዘግቼዋለሁ።”

“መቼ?”

“ሻይ ሊጠጡ የሄዱ ጊዜ።”

ልጃቸው ቁልፉን ጨበጠች። “ሦስት ወር ሙሉ እኛ ቤት ውስጥ በዓይኑ ስንጨቃጨቅ…” አለችና ተወችው። የምታየው እኔን አልነበረም፤ አባቷን ነበር።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

“ስንት መኪና ላይ አድርገኸዋል?”

ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ጊዜ የቀለለውን እጅ ይለምደዋል። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ዱቄት ነጋዴው፣ ነርሷ፣ የትምህርት ቤቱ ሹፌር፣ ታናሽ ወንድሜ።

“ከእርስዎ ጋር አምስት።”

“የትምህርት ቤት ሹፌር አልክ?”

“አዎ።”

“ከእሱ ጀምር። ደውል።”

“መጀመሪያ የእርስዎን ልጨርስ፣ ጋሼ።”

“እኔ አውቄዋለሁ። እሱ አላወቀም።”

ደወልኩ። ሹፌሩ ወዲያው አነሣ፤ ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

“ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?” አለኝ።

“ስለ መብራትህ ነበር።”

“መብራቱማ አንደኛ ነው። ለስንት ሰው ስላንተ እንደ ነገርኩ ብታውቅ።”

ልጃቸው አየር ስላጠራት ይመስለኛል፣ መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋችው። የቀን ብርሃን ገባ። ሠራተኞቼ ከውጭ ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር።

“ዛሬ ሳይመሽ ይዘኸው ና” አልኩት። “ስገጥምልህ ያልነገርኩህ ነገር አለ።”

“ምንድን ነው እሱ?”

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

“በጫጫታው አይሰማህም” አሉ ጋሼ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ። “ጮክ በል።”

ጮክ ብዬ ነገርኩት።