ሠላሳ አንደኛው ፊት

ጋሽ ባዬ የዘይት ቀለም የሚያስተምሩት ስዕል እያሳዩ በማስገልበጥ ነው። ከራሴ ለመሳል ገና መሆኔን ነግረውኝ፣ ድሮ የሳሉትን ትልቅ ሸራ ፊቴ አቆሙት፤ ጌታ በጲላጦስ ፊት ቆሞ፣ ሕዝቡ «ስቀለው» እያለ ሲጮህ። ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል፣ ከእንግዳ መቀበያው ሥራዬ ስወጣ በባጃጅ ቤታቸው እየሄድኩ አራት ወር ሙሉ ያንን ጩኸት ስገለብጥ ከረምኩ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ የጌታን መልክ በቀለም መሳል አይወድም። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ ግን አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም። ተዪው ካለኝ እንደምተወው አውቃለሁ፤ መተዉን ደግሞ እንደማልችለው አውቃለሁ።

እኔ ነገር ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የጴንጤ ልጅ ስለሆንኩ ግድግዳው በስዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላደግኩም፤ የሚጮኹት ሁሉ ለምን በጎን ብቻ ይታያሉ ብዬ ጋሽ ባዬን ጠየቅኳቸው። በድሮው የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ጻድቅ ፊት ለፊት ከነሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ግን በጎን ባንድ ዓይን እንደሚሳል አስረዱኝ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ዓይን መቁጠር ጀመርኩ።

ሠላሳ ሰው ገለበጥኩ። ሠላሳ አንደኛው ግን ፊት የለውም፤ የጋሽ ባዬ ቤት ጣሪያ አፍስሶ ከአንገቱ በላይ ቀለሙን አርግፎታል። የሌሎቹ እጅ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ የእሱ ደረቱ ላይ ነው። ይጮሃል ወይስ ያለቅሳል? ጋሽ ባዬን ብወተውታቸው፣ ብወተውታቸው፣ ረስቼዋለሁ አሉ።

«አንቺ ሙዪው። እሱን ከሞላሽ ከራስሽ መሳል ጀመርሽ ማለት ነው።»

ሳምንት ሙሉ ሳስብ ሰነበትኩና የአባቴን ፊት ሰጠሁት፣ ከነሁለት ዓይኑ፣ አፉን ገጥሞ። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደጉ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን ቢያየው እንዳይቆጣኝ ትንሽ ማባበልም ነበረበት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ወሬው በጎረቤት በኩል አባቴ ጆሮ ደረሰ። አልተቆጣም። አይቼው እነግርሻለሁ ብቻ አለኝና እሑድ ከጸሎት በኋላ አብሮኝ ጋሽ ባዬ ቤት መጣ።

ሸራዬ ፊት ብዙ ቆመ። ስለ ጣዖት እንዲናገር ስጠብቅ ጣቱን ወደ ሠላሳ አንደኛው ሰው ቀሰረ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

አዎ አልኩት። ታዲያ ለምን ለእሱ ብቻ ሁለት ዓይን እንደሰጠሁት ጠየቀኝ። ስለ ክፉውና ስለ ጻድቁ የተማርኩትን እየተንተባተብኩ ነገርኩት፤ አንተ እንደነሱ አትጮህም ብዬ ነው አልኩት።

«ሄራን፣ እኔ ያን ቀን ብኖር ከሰው ጋር እጮህ ነበር። ከመሃላቸው ለምን ታወጪኛለሽ?»

የጋሽ ባዬን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ጎኑን ሰጠኝ። ያልደረቀውን ቀለም በጨርቅ ጠርጌ፣ ብሩሼን አንስቼ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ ሳልኩ። ሳይዞር ጠበቀኝ።

«አፌንም ክፈቺው» አለኝ።