የማቋረጥ መብት

ዲቦራ በቴፒ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ነበራት። ከኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ጋር ለሁለት ዓመት የፈረመችው ውል አገልግሎቱ ገደብ እንደሌለው ይናገራል። በስምንተኛው ወር ግን መስመሩ ወሩ ሳይጋመስ ይንቀራፈፍ ጀመር። ስትጠይቅ፣ ድርጅቱ የአጠቃቀም ጣሪያ እንዳወጣ ነገሯት። ማስታወቂያው ለካ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ባለው ቢሯቸው በር ላይ ተለጥፎ ከርሟል።

ውሏን ይዛ ሚዛን ወረደች። የሸማቾች ጉዳይ ሠራተኛው አቶ ዓለምሰገድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እውነትሽን ነው ልጄ፤ አስቀድመው በጽሑፍ ሊያሳውቁሽ ይገባ ነበር። አሁንም ያለ ቅጣት ማቋረጥ መብትሽ ነው።"

"ካቋረጥኩ በኋላ ከማን ልግዛ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ከማንም። ቴፒ ላይ ሌላ አቅራቢ የለም።"

የጻፉላትን ደብዳቤ ለድርጅቱ አስገባች። ሦስት ወር ጠበቀች፤ መልስ አልመጣም። በምዝገባ ሰሞን ተማሪዎች ገጹ ይከፈታል ብለው ሲጠብቁ ውለው፣ እሷን ላለማስቀየም ቀስ ብለው እየተነሡ ወጡ።

በመጨረሻ ድርጅቱ ጣሪያው የገባበት አዲስ ውል እንድትፈርም ጠራት።

"ካልተስማሙ መተው ይችላሉ" አለቻት ሠራተኛዋ በትሕትና።

ዲቦራ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ሳታነብ ፈረመች።