ጋራዥ ውስጥ የቀረው ክፍለ ጦር

«ኢዩኤል! ይህን ጠረጴዛ ሙቭ አድርገውና ወንበር እናስገባ እንጂ! ሰው ቆሞ ሊያለቅስ ነው?»

ጋሼ ሙላው የእድሩን ተጣጣፊ ወንበሮች በሁለት ብብቱ ሸጉጦ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ከኋላው የጭነት መኪናው በሩ እንደተበረገደ ነው፤ ገና ያልወረደ ወንበር ሞልቶበታል። ቀብሩ ሐሙስ ነበር፤ ዛሬ ሠልስት ነው። ሳሎኑን የኢዩኤል እናት የወይዘሮ ፍቅርተ የቤተ ክርስቲያን እኅቶች ይዘውታል። መዝሙራቸው በኩሽናው በር በኩል እዚህ ድረስ ይሰማል። ወንዶቹ የሚቀመጡት ጋራዡ ውስጥ ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ውስጥ ለቅሶ ሁሉ እንደዚያ ነው።

ጋራዡ መሀል ግን ርዝመቱ ሁለት በር የሚያህል ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሷል፤ አንሶላው አንዳንድ ቦታ ጉብ ጉብ ብሏል።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጋሼ» አለ ኢዩኤል።

«ምኑን ነው የምታገሠው? ከቀብር የቀረው ሁሉ ዛሬ ነው የሚመጣው። ለመሆኑ ምንድን ነው ይሄ?»

«የአባባ ዕቃ ነው። አነሣዋለሁ።»

ሙላው ትከሻውን ሰብቆ ወንበሮቹን ግድግዳው ሥር ደረደረና ሌላ ሊያመጣ ወጣ።

አንሶላው ሥር ያለው የፕሩሲያ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር። ወታደሮቹ የቆርቆሮ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከትንሽ ጣት አይበልጡም። ሰማያዊ ኮታቸውን፣ ጫፉ የሾለ ቆባቸውንና ቀይ አንገትጌያቸውን በብሩሽ የቀባው ሟቹ አባቱ ወንዳፍራሽ ነው። ክላርክስተን ወንዳፍራሽን የሚያውቀው የኤርፖርት ማመላለሻ ሲነዳ፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። በድሮው ጦር ሻምበል እንደነበረ ይወራል፤ እሱ ግን አውርቶት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡን ዘግቶ ከጎረቤት ከተማ ከአቮንዴል እስቴትስ ከሚመጡ ሽማግሌ አሜሪካውያን ጋር የድሮ ጦርነት እንደሚጫወት ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ኢዩኤልን ያስጨነቀው ይኸው ነው። ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው አስቀምጦ አንሶላው ቢገለጥ፣ ነገ መንደሩ ምን ይላል? «ሻምበል ወንዳፍራሽ ለካ በአሻንጉሊት ሲጫወት ነው የኖረው» ይላል። ሰውየው እንደሆነ ተነሥቶ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ሰው ሳይሞላ ሁሉንም በሣጥን ከትቶ ለአቮንዴሎቹ ሊሰጥ ወስኗል። የፕላስቲክ ሣጥኖቹን ከጠዋት ጀምሮ ደርድሯቸዋል፤ እስካሁን ግን አንድ ወታደር እንኳ አልገባባቸውም። ጠረጴዛው ላይ ያለው አባቱ ባለፈው ቅዳሜ ሳይጨርሰው የተነሣው ውጊያ ነው። አንዱ ከቦታው ከተነሣ ወንዳፍራሽ እንዴት አድርጎ እንዳቆማቸው መልሶ የሚያውቅ ሰው የለም። ማክሰኞ ዕለት የአባቱ ልብ ሥራ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሏል።

ኢዩኤል አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አባቱ እዚሁ አስቀምጦት ነበር።

«ክፍለ ጦር ማለት ዝም ብሎ የሰው ብዛት አይደለም» አለው ያን ቀን። «ተመልከት። ሁለት ብርጌድ አለው። እያንዳንዱ ብርጌድ ሁለት ሬጅመንት፣ እያንዳንዱ ሬጅመንት ሦስት ሻለቃ። እነዚህ ፈረሰኞቹ፣ እነዚህ መድፈኞቹ ናቸው። ማግደቡርግ የሚባል ከተማ ነው ቤታቸው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ከኋላው እንዲደርስለት ሆኖ ነው የተሠራው። ሠራዊት ማለት ይኼ ነው፣ ልጄ፤ የሚደርስ ሲኖር።»

ከዚያ ውጊያውን ነገረው። ጊዜው ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ነው፤ ቦታው ቦሄሚያ። ሰባተኛው ክፍለ ጦር ጠዋት አንድ ጫካ ገባ። ኦስትሪያውያኑ ሻለቃ በሻለቃ ላይ እየጨመሩ ጫካውን አጥለቀለቁት። የፕሩሲያ ወታደር ግን ተኝቶ የሚያጎርሰው ጠመንጃ ነበረውና ከዛፍ ዛፍ እያፈገፈገ፣ እንደገና እየተመለሰ ያዘው። ሌላው የፕሩሲያ ጦር በሌላ መንገድ እየመጣ ነበር፤ ያ እስኪደርስ ሰባተኛው ጫካውን ይዞ መቆየት ነበረበት። ወንዳፍራሽ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ክፍለ ጦሩ ፈረንሳይ ዘምቶ ፓሪስን ከከበቡት ጋር መክበቡን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መፍረሱን ያውቅ ነበር፤ ግን ለዚያ ግድ አልነበረውም። እሱ የሚፈልገው ጫካውን ነበር።

«አባባ፣ ላይክ፣ አሻንጉሊት እኮ ናቸው» ብሎት ነበር ኢዩኤል። አባቱ ሣቅ ብሎ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረ። ሁለተኛ አልጠራውም።

የኩሽናው በር ተከፈተና አክስቱ ወርቅውሃ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ገባች። የአባቱ ታላቅ እኅት ናት፤ ከኦሃዮ የመጣችው ለቀብሩ ነው። ኮምፒዩተር የመሰለ ትውስታና ሰፈር የሚያነቃ ድምፅ አላት።

«የወንድሜ ዕቃ የታለ?» አለች። «ሠልስት ደረሰ፤ ልብሱ አልወጣ፣ መሣሪያው አልወጣ። ወታደር የሞተበት ቤት ነው ወይስ ነጋዴ?»

ፍቅርተ ከኋላዋ ተከትላ መጣች። «እትዬ፣ መሣሪያ የለውም እኮ።»

«አሜሪካ ጠመንጃ እንደ ዱቄት ይሸጣል ሲሉ እሰማለሁ። ወንድሜ አንድ እንኳ አልገዛም?»

«ቤቱ እንዲገባ አይፈልግም ነበር። ደግሞ እርስዎ ሙሾ ሊያወርዱ ነው ያሰቡት። ቤታችን ውስጥ ሙሾ አይወርድም ብያለሁ፤ እኛ በመዝሙር ነው የምንሸኘው።»

«ቤት ውስጥ መች አልኩ? ጋራዥ ቤት ነው እንዴ? መኪና የሚያድርበት!»

ፍቅርተ ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ ግን ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ አለባት። እጇን አወናጭፋ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ወርቅውሃ ጠረጴዛውን አየችው። «ይሄስ?»

«ምንም አይደለም፣ እቴቴ» አለ ኢዩኤል፤ በሰውነቱ ሊከልላት ሞከረ። «የሚወስዱት ሰዎች እየመጡ ነው።»

ሰዎቹ በእርግጥ እየመጡ ነበር፤ ሊወስዱ ግን አልነበረም። ኢዩኤል ትናንት ስልክ ሲደውል ከአቮንዴሎቹ አንዱ፣ ዴል የሚባለው ጡረተኛ ፖስተኛ፣ አላነሣም። ኢዩኤል ደግሞ ለመልእክት መቀበያው ማሽን «የአባቴን ዕቃ ውሰዱልኝ» ማለት ከበደው። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ላይ ብትመጡ፤ የአባቴ ወታደሮች ጉዳይ ነው» ብሎ ዘጋ። ወንዳፍራሽ ግን በሕይወቱ ሳለ ለእነዚህ ሽማግሌዎች የአገሩን ወግ አጫውቷቸው ነበር፤ እኛ ዘንድ ወታደር ሲሞት ፈረሱና መሣሪያው ለቅሶተኛ ፊት ይወጣል ብሏቸው ነበር። መልእክቱ ሲደርሳቸው የተረዱት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ጋራዡ በወንዶች ተሞልቶ፣ ሰው ጉልበቱን ጠረጴዛው ሥር አስገብቶ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ዴልና ሁለት ጓደኞቹ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ የዓሣ አጥማጅ ዕቃ መያዣ የሚመስሉ ሣጥኖች አንጠልጥለው ከተፍ አሉ። ዴል ኢዩኤልን አቀፈው። ከዚያ ጠረጴዛውን አየና ፊቱ ደነገጠ።

«እስካሁን ሸፍናችሁታል?» አለ በእንግሊዝኛ። «እሱ እኮ ይወጣል ብሎን ነበር።»

ዴል አንሶላውን በሁለት ጣቱ ይዞ በቀስታ ገለጠው።

ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው አንገቱን ሰገገ። የብረት ዛፎች ያሉበት አረንጓዴ ጫካ፣ በጫካው ውስጥ ሰማያዊ የለበሱ ወታደሮች፣ ግማሹ በርከክ ብሎ፣ ግማሹ በደረቱ ተኝቶ፤ በሦስት በኩል ደግሞ ነጭ የለበሰ ጦር እንደ ጎርፍ ይጎርፍባቸዋል። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ ሁሉ ቶይ ነው?» ሲል ተሰማ። አንድ ሁለት ሰው ሣቁን በሳል ሸፈነ። የኢዩኤል ጆሮ ጋለ። የፈራው ደረሰ።

«ማነው የሣቀው?» አለች ወርቅውሃ። ማንም ዓይኗን አላየም። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። «ይህን ሁሉ በእጁ ነው የሠራው? ቁልፉን ሳይቀር?»

«ቁልፉን ሳይቀር፣ እቴቴ።»

«እና ምን እያደረጉ ነው?»

ዴል ጥያቄውን ከድምፁ የተረዳው መሰለ፤ ማስረዳት ጀመረ። ኢዩኤል በአንገቱ ላይ ላብ እየወረደ ይተረጉማል። «ሰባተኛው ክፍለ ጦር ነው። ይህን ጫካ ያዙ ተብለዋል። ጠላት በቁጥር እጅግ ይበልጣቸዋል። ረዳት ጦር እስኪመጣ ድረስ…»

«በየትኛው ሰዓት ይደርሳል ተባሉ?»

የጠየቀው ጋሼ ሙላው ነው። በሩ አጠገብ የመጨረሻዎቹን ወንበሮች እንደያዘ ቆሟል።

ኢዩኤል ዴልን ጠየቀው። «እኩለ ቀን ገደማ ነው የደረሰው ይላል።»

«ደረሰ?»

«አዎ። ደረሰላቸው።»

ሙላው ወንበሮቹን ለቀቃቸው። ሲሚንቶው ላይ ተንኳኩተው ወደቁ፤ እሱ አልሰማቸውም። አንዱን ዘርግቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠና ወደ ጫካው አጎነበሰ። ሲናገር ለኢዩኤል ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ጋራዡ በሙሉ ሰማው።

«አባትህ ሻምበሌ ነበር። ሰሜን ላይ አንድ ጉብታ ያዙ አሉን። እኩለ ቀን ላይ ሰው ይደርስላችኋል አሉን። ሬዲዮኑ ያለው እኔ ትከሻ ላይ ነው። እኩለ ቀን ሆነ፤ ‹መንገድ ላይ ናቸው› ይሉኛል። ለሻምበል እነግረዋለሁ፤ እሱ ለልጆቹ ይነግራል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ‹መንገድ ላይ ናቸው›። ከዚያ ሬዲዮኑም ዝም አለ። ሻምበል የተረፍነውን ይዞን ወረደ። ማንም ውረድ አላለውም። ለዚህ ነው የታሰረው። ለዚህ ነው እኔ ተርፌ ክላርክስተን ቁጭ ብዬ መኪና የምነዳው።»

«አንድም ቀን አልነገረኝም» አለ ኢዩኤል።

«ለኔስ መች አነሣው? ስንገናኝ ስለ ጎማና ስለ ኢንሹራንስ ነው የምናወራው።»

አሁን የሚሥቅ አልነበረም። ወርቅውሃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። የሳሎኑ መዝሙር ዝቅ ብሎ እንደሆነ ወይም የእሷ ድምፅ በልጦ እንደሆነ አይታወቅም፤ ጋራዡን የሞላው እሷ ነበረች፦

«ያዝ ያሉህን ጫካ ሳትለቅ የዋልከው፣
ወንድሜ ወንዳፍራሽ፣ ለማን አስረከብከው?»

ወንዶቹ ተነሡ። ፍቅርተ የኩሽናውን በር ከፍታ ብቅ አለች፤ ጠረጴዛውን አየች፣ የባሏን እኅት አየች። በሩን ሳትዘጋ እዚያው ቆመች።

ኢዩኤል ግድግዳው ሥር የደረደራቸውን ባዶ ሣጥኖች በእግሩ ገፋ አድርጎ መንገድ ከፈተ። «አይነሣም» አለ። ድምፁ ራሱን አስገረመው። «ጠረጴዛው እዚሁ ይሆናል። ሰው ዙሪያውን ይቀመጥ።»

ሙሾው ጋብ ሲል ዴል የራሱን ሣጥን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፈተው። ስፖንጅ ውስጥ በረድፍ የተኙ ሌሎች ሰማያዊ ወታደሮች ነበሩ። «ባለፈው ቅዳሜ የኔ ጦር፣ ረዳቱ፣ ሳይገባ ነው ያቆምነው» አለ። «መሽቶ ነበር። ‹በሚቀጥለው ትገባላችሁ› አለኝ። ዛሬ ላስገባቸው ነው የመጣሁት። ግን የእሱን ወገን የሚያዝ ሰው ፈቃድ ያስፈልገኛል።»

ሁሉም ኢዩኤልን አየው።

ኢዩኤል ሣጥኑን ከዴል ተቀበለና ወደ ሙላው ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያስገቧቸው።»

«እኔ? ምኑን አውቄው?»

«ሲጠብቋቸው የዋሉት እርስዎ ነዎት።»

ሙላው እምቢ ሊል ነበር፤ ግን እጁ ቀድሞት ተዘረጋ። ኢዩኤል ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ያቀብለው ጀመር። ሙላው እያንዳንዱን ብርሃን ላይ አድርጎ ፊቱን ያየዋል፤ ከዚያ በጫካው ጠርዝ በኩል ያቆመዋል። ረድፉ ረዘመ። ከዛፎቹ ሥር በደረታቸው ከተኙት ጋር ጣት የሚያህል ክፍተት ብቻ ቀረ።

የመጨረሻውን ወታደር ተቀብሎ ግን አላስቀመጠውም። ክፍተቱ ላይ እንደያዘው እጁ አልወርድ አለው። ኢዩኤል ግራ እጁን ከራሱ ክንድ አነሣና የሙላውን ክርን ደገፈ።