ሽማግሌውን የበረደው ዕለት

የእንጀራ እናት የሚባለውን ስም አልወደውም። ሥራውን ሳትጀምሪው ፍርዱ ተነቦ ያልቃል። ልጅቷ ወደዚህ ቤት የመጣች ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየው እሷን ሳይሆን እኔን ነበር፤ መቼ እንደምቆነጥጣት ለማየት። ጠባዬም አይረዳኝም። ድምፄ ትልቅ ነው፣ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎ ደግሞ ይወጣልኛል። ፀጉር ቤቴ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ስጮህ ዝም ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ልጅቷ ግን አታውቅም።

ባለቤቴ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነው። ከወሩ ሃያውን ቀን የሚያድረው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ቤቱ ውስጥ የምንከርመው እኔና የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጁ ነን። ሦስተኛው ሽማግሌው ነው።

ሽማግሌው እንሽላሊት ነው። ከእጄ ጣት እስከ ክርኔ ይደርሳል፣ ቆዳው የአሸዋ መልክ አለው፣ አገጩ ሥር ደግሞ እሾህ እሾህ የሚል ጢም አብቅሏል፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። እናቷ ሆስፒታል ገብታ ሳትመለስ ከመቅረቷ በፊት ለልጅቷ የገዛችላት የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር። ቤታችን የገባችው የመስታወት ሣጥኑን ታቅፋ ነው። የልብሷን ሻንጣ አባቷ ተሸከመላት፤ ሣጥኑን ግን ለማንም አልሰጠችም።

እውነቱን ለመናገር እንሽላሊት አልወድም። ሆኖም አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ስለ እሱ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅቷም ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። ምግብ ሳቀርብላት "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ትላለች። ጫማ ስገዛላት "እሺ፣ አመሰግናለሁ።" አትጠይቅም፣ አታኮርፍም፣ አታለቅስም። ሆቴል ያረፈች እንግዳ ነው የምትመስለው። ሰዎች እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ሲሉኝ ሆዴ ይባባ ነበር።

ከትምህርት ቤት ለሦስት ቀን ጉብኝት ሊወስዷቸው ሲሉ ሽማግሌውን ለእኔ አደራ አለች። የሚደረገውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጻፈችልኝ፤ ቅጠሉ በጠዋት፣ ትሉ ከሰዓት በኋላ አምስት ፍሬ ብቻ፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ትሉን በእጄ መንካት ስላልሆነልኝ ቅንድብ በምነቅልበት ወረንጦ እያነሳሁ አጎረስኩት። ምነው አንድ ሰው ባየኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

የሄደች ዕለት ታዲያ ከሣጥኑ ኋላ፣ በተንጠለጠለ ጨርቅ ተከልሎ፣ አንድ አምፖል በርቶ አገኘሁ። ብርጭቆው ይፋጃል። ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ሠራተኛዬ የፀጉር መተኮሻውን ሳትነቅል ሄዳ የመጀመሪያው ፀጉር ቤቴ ወንበር ሳይተርፍ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ የሚሞቅ ነገር ሰው ሳይኖርበት በርቶ ካየሁ እጄ እኔንም አይጠይቅም፤ ይነቅላል። ነቀልኩት። ልጅቷ ረስታው መሄዷ ነው፣ ለአባቷም አልናገርባትም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ እንደጠቆረ፣ ዝናብ እየጣለ ነጋ። ቅጠል ይዤ ስገባ ሽማግሌው ከወለሉ ጋር ተለጥፎ አገኘሁት። ቆዳው ከሰል መስሏል፣ ዓይኖቹ ተከድነው ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ የትናንቱ ቅጠል አልተነካም። በጣቴ ብነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ልጅቷ የምትመለሰው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

በፎጣ ጠቅልዬ፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን የማስቀምጥበት ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰድኩት። ፀጉር ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ ከልጅቷ ክፍል የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው። ሠራተኞቼ በዝናቡ ምክንያት ቀርተዋል። ደንበኞቼ ግን ሁለት ደርሰዋል። አንዷ ትራፊክ ፖሊስ ናት፣ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሌላዋ እማማ ራዲዮ ናቸው። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ፀጉራቸውን ገና በማለዳ በቢጎዲን ጠቅልዬላቸው ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል።

የእንስሳት ሐኪም ስልክ ያገኘችልኝ ትራፊኳ ናት። ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ካዳመጠኝ በኋላ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ።

"ማሞቂያ መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ይበራለታል?"

"የምን መብራት?" አልኩ፤ ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ገብቶኝ ነበር።

እንሽላሊት የራሱ ሙቀት እንደሌለው፣ ከውጭ ካላገኘ የበላውን እንኳ መፍጨት እንደማይችል አስረዳኝ። መብራቱን ከነቀልኩት ስንት ቀን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሦስተኛው ነው አልኩት። ሦስት ቀን ያለ ሙቀት፣ እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ትል ሳጎርሰው! ምንም እንዳይበላ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ ትከሻው ድረስ ሩብ ሰዓት እንዲቆይ፣ ከዚያ ሙቀት ሳይቋረጥበት ቀስ በቀስ እንዲሞቅ አዘዘ። እሳት አጠገብ እንዳላስጠጋው አስጠነቀቀኝ።

"ከመምሸቱ በፊት ዓይኑን ከገለጠ ይተርፋል" አለኝ። "ካልገለጠ ያምጡት።"

በምን መንገድ እንደማመጣው ልጠይቅ ስል መስመሩ ተቋረጠ። መንገዱ ወንዝ ሆኗል።

ጭንቅላቱን በመዳፌ ደግፌ ፀጉር በማጥብበት ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። እማማ ራዲዮ ካስኩን ለቀውለት ተነሱ፤ ቢጎዲናቸው ላይ ደረቅ ፎጣ ጠምጥመው ራቅ ብለው ቆሙ። ሮጬ አምፖሉን መልሼ ሰካሁት፤ ሣጥኑ እስኪሞቅ ድረስ ሽማግሌውን አድርቄ በዝቅተኛው ሙቀት ካስኩ ሥር አስቀመጥኩት። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ ሰማዩ ተሰነጠቀ፣ መብራቱ ድርግም አለ። ወዲያው በረዶ ይወርድ ጀመር። ጣሪያው ላይ ሲያርፍ እርስ በርሳችን መሰማማት አቃተን። የበሩ ታፔላ ተገንጥሎ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት።

ምድጃዬም፣ የውሃ ማሞቂያዬም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ታዲያ የቀረ ሙቀት ምን አለ? ዙሪያዬን ሳይ ከሦስት ሴቶች በቀር የሚሞቅ ነገር የለም። የሹራቤን ቁልፍ ፈትቼ ሽማግሌውን ደረቴ ላይ አስተኛሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ቅዝቃዜው እስከ ጀርባዬ ዘለቀኝ፣ ጥፍሮቹም ይቧጥጡኛል፤ ግን አልጣልኩትም።

ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው የልጅቷ አስተማሪ ናት። አውቶብሱ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ልጆቹ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለዋል፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ይነሳሉ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ዝናቡ እንዳያቆምም በልቤ ተመኘሁ፤ እሷ ከመድረሷ በፊት ይህ ዓይን እንዲገለጥልኝ ፈልጌ።

ውሃ በበሩ ሥር መግባት ጀመረ። በቤቱ ያለውን ፎጣ ሁሉ ደፉ ላይ ደረደርን። ትራፊኳ እንደ ልማዷ ሥርዓት አስያዘችን፤ አንዷ ሃያ ደቂቃ ታሞቃለች፣ የቀሩት ውሃ ይቀዳሉ፣ ከዚያ ቅያሬ። በሥራዋ ከዚህ የባሰ ብዙ ነገር እንደያዘች ነግራን ሽማግሌውን ያለ ማመንታት አንገቷ ሥር ሸጎጠችው። እማማ ራዲዮ ግን ቢገድሏቸው እንደማይነኩት ማሉ። መሐላው የጸናው በሩ በንፋስ ተበርግዶ ሁለታችን ልንደግፈው እስክንሮጥ ድረስ ነው። ስንመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሽማግሌውን ነጠላቸው ውስጥ አቅፈው፣ በሰፈሩ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ በሹክሹክታ ይነግሩታል።

"ሰምቶ አይናገርም" አሉን። "እንዲህ ያለ ጆሮ አግኝቼ አላውቅም።"

ከዚያ በኋላ ተራቸው ሲያልቅ እንኳ አልለቀው አሉ።

ምክሩን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። "ስሚ የኔ ልጅ" አሉኝ። "መብራት ጠፋ፣ በረዶ ወረደ፣ እንስሳውን በረደው። ይኸው ነው። አምፖሉን መልሰሽ ሰክተሽዋል አይደል? ማን ያውቃል? ዝናብ አይከሰስ!"

ትራፊኳም ውሃ እየቀዳች ራሷን ነቀነቀች። ሕግ አስከባሪ ሆና እንኳ ይሻላል አለች። ልጅ አይደለች እንዴ፣ ሐዘን የደረሰባትስ አይደለች? እውነቱ ምን ያደርግላታል?

መዋሸት ፈለግኩ፤ ምን ይደበቃል። እንደዚያ የመሰለ የተዘጋጀ ውሸት ከሰማይ ወርዶልኝ አያውቅም። አንድ ዓመት ተኩል ቀስ ብዬ፣ ድምፄን ውጬ፣ እየተጠነቀቅኩ የደረስኩበት አንድ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ነው። እናቷ የሰጠቻትን ነገር ለሞት ያደረስኩት እኔ መሆኔን ካወቀች እሱም ይቀራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢሉም፣ ይህን ግን ማንም ሊያጠራው አይችልም ነበር። እሺ አልኳቸው። ልክ ናችሁ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሽማግሌው ተራ ደርሶኝ ደረቴ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሚሰማኝ የራሴ ልብ መሰለኝ፤ ከዚያ አንድ እግሩ ሹራቤን ቆንጠጥ አደረገ። አጎንብሼ አየሁት። አንዱ ዓይኑ ተከፍቷል። ትንሽ፣ ቢጫ፣ የተቆጣ ዓይን። ማንንም አላፈርኩም፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ትራፊኳ ባልዲዋን አስቀምጣ ግንባሬን ሳመችኝ።

ልጅቷ የደረሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። ሽማግሌውን ሹራቤ ውስጥ ስታየው ፊቷ ነጣ፣ ግን ምንም አልጠየቀችም። እማማ ራዲዮ ቀድመው ጀመሩ። ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ መብራቱ በዚህ ክፉ ዝናብ ጠፍቶ...

ፊቷን አየሁት። ልታምናቸው ነው። አምናም እሺ ብላኝ ወደ ክፍሏ ልትገባ ነው፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ያቺን እሺ ስሰማ ልኖር ነው።

"በዝናቡ አይደለም" አልኳት። "አምፖሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ የሄድሽ ዕለት። ቤት እንዳያቃጥል ብዬ። ሲታመም ነው ያወቅኩት። አሁን ዓይኑን ገልጧል፣ ሐኪሙ ይተርፋል ብሏል። ግን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።"

ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸች።

"ለምን ነቀልሽው? ክፍሌ ውስጥ ያለ ነገር ለምን ትነኪያለሽ? ስልክ የለሽም? ደውለሽ አትጠይቂኝም ነበር?"

"መጠየቅ ነበረብኝ" አልኩ።

"ወረቀቱ ላይ ልጽፈው ነበር!" እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። "እሳት ነው ብለሽ ታስወጪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ወር መተኮሻ ሳትነቅል የሄደችው ልጅ ላይ ስትጮኺ ሰምቻለሁ። እኔንም ታስወጪኛለሽ ብዬ ነው።"

ይህን ሁሉ ጊዜ ጨዋነት ያልነው ፍርሃት ኖሯል።

"የትም አትሄጂም" አልኳት። "እሱም አይሄድም። ጩኸቱን ግን እተዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ አብሮኝ ያደገ ነው። አንቺም ጩኺብኝ።"

ይቅርታ አላለችኝም፣ አላቀፈችኝም። የሽማግሌውን ጥፍሮች ከሹራቤ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ከኋላዋ ወርውራ ዘጋችው። መስታወቶቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ።

"ጉድ ነው!" አሉ እማማ ራዲዮ። "ይቺ ናት ጨዋዋ? አንቺስ ምን ያስቅሻል?"

እየሳቅኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር። እንባዬም አልቆመም። በዚያ ቤት በር ተወርውሮ ሲዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"ደረቅ ፎጣ አምጪልኝ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። "ቶሎ በይ!"

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ፎጣው ሁሉ ደፉ ላይ ነው፣ ጭቃ ጠጥቷል። እማማ ራዲዮ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ፈቱት፤ ቢጎዲኑ እየተፈታ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"እንቺ" አሉኝ። "ልጅሽ እየጠራችሽ አይደል እንዴ? ምን ትጠብቂያለሽ?"

ፎጣውን ተቀብያቸው ሮጥኩ።