ለቀይ አፈር የተላከች

«የኔታ መጡ» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤት በለጡ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ደጃፉ ዞረ።

ዲንቄ ቀና አላለችም። የሰባት ዓመት ልጇ ጂቱ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጉንጯን ቧጥጣ፣ ከባሏ ከቱሉ ጎን አጎዛ ላይ ተኮራምታለች።

የባሏ ወንድም ገረሱ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ።

«ቀብር ያልደረሱ ሰው ዛሬ ምን ሊሉ መጡ?»

የኔታ ሠረቀብርሃን ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አንተ ነህ የላክሃት!» አለ ገረሱ፤ አንቱታውም ቀረ። «ገደሉ የተናደባት አንተን ብላ ነው። ደሟን ካንተ እንፈልጋለን!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ የኔታ። «አልክድም።»

የኔታ እንጦጦ ግርጌ ባለች ትንሽ ደብር ሥዕል ይሥላሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለሕፃናት ፊደል ያስቆጥራሉ። ከቀትር በኋላ ሕፃናቱን ጽድ ሥር ሰብስበው ድንጋይ ላይ በከሰል ያስሥሏቸዋል፤ ጭቃ አስቦክተው ላምና በግ ያሠሯቸዋል፤ ቢጫና ቀይ አፈር አስፈጭተው ቀለም ያስበጠብጧቸዋል። ካህናቱ «ይሄ ደግሞ ምን ትምህርት ነው?» ሲሏቸው «ዓይናቸውን እያስተማርኩ ነው» ይሉ ነበር።

ሴት ልጅ እዚያ አትገባም ሲባል፣ አንድ ቅል ማር ይዛ ሄዳ እግራቸው ላይ ወድቃ ጂቱን ያስገባቻት ዲንቄ ናት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ግድግዳ በከሰል ላሞች ተሞላ። አንዷ ላም አምስት እግር ነበራት።

«ይኼኛው እግር ከየት መጣ?» አላት ቱሉ እየሳቀ።

«እየሄደች እኮ ነው፣ አባዬ!»

የኔታ ከደጃፉ ወደ ውስጥ አልገቡም።

«በሞተችበት ቀን ዋዜማ፣ ነገ ስትመጪ ከገደሉ ሥር ቀይ አፈር ይዘሽ ነይ አልኳት። ሌሊቱን ሲዘንብ ሲያድር ጊዜ እንግዲህ አትወጣም፣ እናቷም አትለቃትም ብዬ...» ዲንቄን ሲያዩ ቃላቸውን አቋረጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ገረሱ ዱላውን አነሣ።

«ተወው» አለች ዲንቄ።

ድምፅዋ ሻክሮ ስለነበር መጀመሪያ ማን እንደተናገረ የለየ አልነበረም።

«አልሄድም ብላኝ ነበር። እማዬ፣ አፈሩ ያንሸራትታል፣ ነገ ልሂድ አለችኝ። እኔ ነኝ፣ የኔታን እምቢ ብለሽ ልትባረሪ ነው ወይ ብዬ የተቆጣኋት። ቅርጫቱን እጇ ላይ አድርጌ ከበር ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እያለቀሰች ነው የሄደችው።»

በለጡ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገረሱ ዱላውን ዝቅ አድርጎ ወንድሙን አየ። ቱሉ የዚያን ዕለት ለበሬ ግዢ ካራ ማዶ ገበያ ውሎ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ዛሬ ገና የመጀመሪያው ነው።

ቱሉ ከሚስቱ ጎን ተነሣ። ለለቀስተኛው ንፍሮ ሊቀርብ ነበርና የውሃውን ቅል አንሥቶ የኔታን እጅ አስታጠባቸው፤ ቦታም ሰጣቸው። ቀጥሎ ገረሱን፣ ቀጥሎ በለጡን፣ ተራ በተራ።

በመጨረሻ ዲንቄ ፊት መጥቶ ቆመ። ዓይኗን ግን አላየም። ቅሉን እንደያዘ ብዙ ቆየ።

ዲንቄ እጇን ዘረጋች።

አፈሰሰላት። ውሃው አልቆ ቅሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጇን አላሸችም፣ አልሰበሰበችም።